የአሞራው አዲስ እግር

ሸዋ ሮቢት የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሽታ አለ። የጭነት መኪና ከጣርማ በር ጀምሮ ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ ወርዶ ከተማችን ሲደርስ፣ ከጎማው ሥር ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ይወጣል። ልጆቼ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። እኔ የልጆቼን እጅ እይዝና መኪናው ፈጽሞ እስኪቆም እጠብቃለሁ። ሲቆም ደስ ይለኛል። ያ ሽታ ለእኔ ከሥሩ ትንሽ የቅቤ መዓዛ አለው፤ ይህን ስናገር ግን ሰው ይስቅብኛል።

ልጆቼ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ እያሳጠርኩ ነበር የምነግራቸው። ፊደል የቆጠርኩት እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። እጄ ብዕር ከለመደ ወዲህ ግን ሳላሳጥር ልጽፍላቸው ቆረጥኩ።

ጊዜው ጣልያን አገሩን የያዘበት ነበር። እኔ የፊት ጥርሶቼ የወለቁ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ብዙ አይርቅም። በፊት ከብት የሚሰማራበትን ለጥ ያለ ሜዳ ጣልያኖቹ ድንጋዩን አስለቅመው፣ ጉብታውን አስደልድለው የአሞራ ማረፊያ አደረጉት። አሞራ የምንለው አውሮፕላኑን ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ክንፉ በሸራ የተለበጠ ትንሽ አውሮፕላን ነበር። የሜዳው መጨረሻ የእኛ ማሽላ መጀመሪያ ነው። ከእኛ ቀጥሎ የጎረቤታችን የእትዬ ጌጤ ማሽላ እስከ ዋርካው ድረስ ይሄዳል።

በዚያ ጥቅምት ማሽላው ገና ወተት ይዞ ነበር፤ ፍሬው ጥፍር ሲያርፍበት ነጭ የሚተፋበት ጊዜ። የግሪሳ ወፍ አብዝቶ የሚወደውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ወንጭፍና የጭቃ ጓል ይዤ ማማ ላይ እውላለሁ። ወፎቹ እንደ ደመና ሆነው ሲወርዱ «ሃይ! ሃይ!» እያልኩ አባርራለሁ። ሲርቁልኝ ደግሞ ወደ ተራራው አያለሁ። አባቴ እዚያ ነዋ።

«አባትሽ ጣርማ በር ነው» ትለኝ ነበር እናቴ። «ጣልያን ተራራውን እያስበሳ ነው፤ አባትሽም ዋሻ ይቆፍራል።» ተራራ ሆድ ውስጥ ፀሐይ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለዚህ አባቴን የማስበው በጨለማ ውስጥ፣ ጺሙ በድንጋይ ዱቄት ነጥቶ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አሞራው ወረደ። ጭራውን መሬት ላይ እየጎተተ፣ አቧራ እያስነሳ መጣ። ዘወትር የሚቆምበት ቦታ ደረሰ፤ አልቆመም። ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተና ማሽላውን ጥሶ ገባ። አገዳው እየተሰበረ ሲንኳኳ እሰማለሁ። መጥቶ መጥቶ ማማዬ ሥር ቀጥ አለ።

እኔ እህል ሊበላ የመጣ መሰለኝ። ወንጭፌን አዙሬ ጓሌን ክንፉ ላይ አፈረጥኩበት።

«ሃይ! ሂድ! የሰው እህል ነው!»

እናቴ ፋናዬ ከወንዝ እየሮጠች መጣች። የወታደሮቹን ልብስ የምታጥበው እሷ ስለነበረች እጇ ላይ የእንዶድ አረፋ ነበር። ማማው ላይ ወጥታ እግሬን፣ ክንዴን፣ ራሴን ዳበሰችኝ። ምንም እንዳልሆንኩ ስታውቅ በጥፊ አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ጨምቃ ሳመችኝ። ያኔ ያበደች መሰለኝ። የራሴን ልጅ ከአስፋልት ላይ ጎትቼ ካወጣሁ ወዲህ ግን ጥፊውም ስሞሹም አንድ ነገር እንደሆኑ አውቃለሁ።

መካኒኩ ሮጦ ደረሰ። ጂኖ ይባላል፤ ፊቱ በፀሐይ የቀላ፣ ሱሪው በዘይት የጠቆረ ፈረንጅ ነው። ክንፉ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ አይቶ፣ እኔንም አይቶ ከት ብሎ ሳቀ። ከኋላው የመጣው አለቃቸው ካፒታኖ ግን አልሳቀም። ዙሪያውን አየና ለአስተርጓሚው ለታከለ ጥቂት ቃል ተናገረ። ታከለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ለተሰበሰብነው አስረዳ።

«ሜዳው አጥሯል ይላሉ። ሰኞ ሁላችሁም ማጭድ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ማሽላው እስከ ዋርካው ድረስ ይቆረጣል።»

«ገና ወተት እኮ ነው!» አሉ እትዬ ጌጤ። «እህል ሳይሆን የሚታጨደው በየት አገር ነው?»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ እናቴ፤ ገበሬ አይደለሁም።»

«እናትህ ምን አብልታ ነው ያሳደገችህ? የፈረንጅ ቃል ነው? ማሽላ አይደለም?»

በዚህ መካከል ጂኖ አሞራው ሥር ተንበርክኮ እግሩን እየመታ ለካፒታኖ ይናገር ነበር። እግር የምንለው ጎማውን ነው፤ እንደ እንስራ ማስቀመጫ ማቶት ቀጭን ነበር። እናቴ የታከለን እጅጌ ያዘች።

«ያ መካኒክ ምን ይላል?»

«ጥፋቱ ከአሞራው ነው እንጂ ከሜዳው አይደለም ነው የሚለው። እግሩ ቀጭን ነው፤ ማቆሚያም የለው። ወፍራም እግር ከነማቆሚያው ተልኮለት ደብረ ሲና ደርሷል። ነገር ግን መንገዱን ናዳ ዘግቶት መኪና አይወርድም።»

«በቅሎስ?»

ታከለ ቀና ብሎ አያት።

«እግሩ ከመጣ፣ አሞራውም ከማሽላው መለስ ብሎ ከቆመ አይቆረጥም ወይ በልልኝ» አለች።

ካፒታኖ የእናቴን አረፋማ እጅ አየ። ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ አንድ ወታደር ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ማሽላው ጫፍ ላይ እንዲተክል አደረገ። ሰኞ አሞራው ከዚያ እንጨት ካለፈ ይቆረጣል፤ ካላለፈ እህሉ እስኪደርስ ይቆያል። ውሉ ይህ ነበር። እግሩን ደብረ ሲና የምትረከብበት ወረቀትም ተጻፈላት።

እትዬ ጌጤ ከሜዳው እስከ ቤታችን ድረስ እናቴን ተከትለው መጡ።

«አንቺ ፋናዬ፣ ላሞራ እግር ልታወጪለት ነው? ያ አሞራ የሚዞረው ማንን ፍለጋ እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?»

«አሞራውማ ከደብረ ብርሃንም ይመጣል እትዬ። እዚህ ቢያርፍም ባያርፍም ይመጣል። ማሽላው ግን አንዴ ከተቆረጠ ከየትም አይመጣም።»

«ሰው ምን ይልሻል? ባንዳ ነው የሚልሽ።»

«ጠግቦ ይማኝ» አለች እናቴ።

እኔ ባንዳ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። እትዬ ጌጤ ቃሉን ሲናገሩ ግን እንደ መራራ ነገር ስለተፉት መጥፎ መሆኑ ገብቶኛል። በማግስቱ ደግሞ መጥፎነቱን በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ።

እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ጂኖ ልብሱን ሊወስድ መጣ። ታከለ አብሮት አልነበረም። አጠገቧ ቁጢጥ አለና የሚሽከረከረውን እንዝርት በጣቱ አሳያት። ከዚያ ጣቱን ሰዶ እንዝርቱን ያዘው። እንዝርቱ ቆመ። «ፍሬኖ» አላት። እናቴ ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። እንደገና አሾረችው፤ በራሷ ጣት ያዘችው፤ ቆመ። «ፍሬኖ» አለችና ሳቀች። ጂኖም ሳቀ። ቀጥሎ በዘይት የተለወሰ አውራ ጣቱን እንዝርቱ ላይ አሳረፈ። እንዝርቱ ከጣቱ ሥር እየሾለከ መዞሩን ቀጠለ። «ኖ፣ ኖ» እያለ ራሱን ነቀነቀ።

እኔ በሩ ሥር ቆሜ ፊቴ በእፍረት ጋለ። ባዕድ ሰው የእናቴን እንዝርት ነካ! እሷም ሳቀች! አባቴ በዋሻ ጨለማ ድንጋይ እየፈለጠ እሷ ከፈረንጅ ጋር ትጫወታለች። ያን ሌሊት ጎኗ አልተኛሁም። እናቴ ሕይወቷን ሁሉ ፍሬን የሚባል ነገር አይታ የማታውቅ ሴት ነበረች። በእንዝርት ጫፍ እየተማረች እንደነበር የገባኝ ግን እኔ ራሴ በጉልምስናዬ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተቀምጬ፣ አንድ ፊደል ሲገባኝ ሳላስበው ድምፄን አውጥቼ የሳቅኩ ዕለት ነው።

በቅሎ የነበራቸው ጋሼ ሷሊሕ ናቸው። ከደብረ ሲና ወደ ቆላ ጨው፣ በርበሬና እህል የሚያመላልሱ የአርጎባ ነጋዴ ነበሩ። እናቴ እሳቸው ዘንድ ስትሄድ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ።

«ምን ጭነት ነው ፋናዬ?»

«እግር ነው ጋሼ ሷሊሕ።»

«የማን እግር?»

«ያሞራው።»

«አስተግፊሩላህ!» ጋሼ ሷሊሕ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ስጭን ያልጫንኩት ይሄ ብቻ ነበር።»

እናቴ ጠጋ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህ ማሽላ ከተቆረጠ ላይ ያሉት ምን ይበላሉ?»

የጋሼ ሷሊሕ ሳቅ ተቋረጠ። ወደ ተራራው አዩ፤ እኔንም አዩ። «በሱብሒ እንነሳ» አሉ።

ላይ ያሉት! እኔ ላይ ያለ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናቴ ከፈረንጁ ጋር መሳቋ ለካ አባቴን ከዋሻው ለማስለቀቅ ነው አልኩ። ለእትዬ ጌጤ አደራ ሰጥታኝ ስትሄድ አላለቀስኩም። ማማዬ ላይ ወጥቼ ለወፎቹ ሳይቀር «አባዬ ሊመጣ ነው» እያልኩ ነገርኳቸው።

ቅዳሜ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በቅሎዋ ከመንገዱ ብቅ አለች። ጋሼ ሷሊሕ ይጎትታሉ፤ እናቴ ከኋላ ታነክሳለች። በቅሎዋ ላይ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ነገር ተጋድሟል። አባቴ ታሞ በጭነት የመጣ መሰለኝ። እየጮህኩ ሮጬ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

ጥቁር ነበር። ክብ፣ ወፍራም፣ ጠረኑ የሚያስነጥስ። በወዲያኛውም ጎን አንድ እንደዚሁ።

«አባዬስ?» አልኩ።

«ደህና ነው።»

«አየሽው?»

«ደህና ነው አልኩሽ ትርንጎ።» እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ገለጠች። ቆዳው ተልጦ ነበር። እኔ ግን ለተረከዟ አላዘንኩም። አባቴን ትታ ያሞራ እግር ይዛ መጣች እያልኩ ማማ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

ጂኖ የተበላሸ መኪና ሊሠራ ካራቆሬ ሄዶ እስከ ሰኞ ስለማይመለስ፣ እግሮቹ እሑድን እኛ ቤት ዋሉ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ አኩርፌ ቀረሁ። እትዬ ጌጤ ቅል ታቅፈው ገቡ።

«የታሉ እስቲ?» አሉ። ከግድግዳው ሥር የተደገፉትን እግሮች ዞር ዞር ብለው አዩ። በጣታቸው ጫን ጫን አደረጓቸው። «እንዲያው ብሳደብም እንግዳ ሆነው ከገቡ ወዲያ ምን ይደረጋል። ማሽላዬስ የተንጠለጠለው በነሱ አይደል?» ቅላቸውን ከፈቱ። ውስጡ የበሰለ ቅቤ ነበር። «አዲስ ጠፍር ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ደርቆ ሰኞ ፍርክስ ቢልስ?»

ጎማውን እንደ ሙሽራ ፀጉር ቀቡት። ቀጥሎ መካከሉ ላይ ከበሮ በሚመስለው ብረት ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። «እዚህም ደረቅ ሸራ አለ፤ ምስኪን፣ ውኃ አልጠጣም» እያሉ ሸራውን በቅቤ አራሱት። ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ፊት ነበራቸው። እኔ ደግሞ እትዬ ጌጤም ከዱን፤ ለአሞራው ያልተሸነፍኩ እኔ ብቻ ቀረሁ አልኩ።

እናቴ ገብታ ሽታው ሲደርስባት በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ ጌጤ፣ ምን ሠሩ?»

«ምን አጠፋሁ? ከልጆቼ ጉሮሮ ቀንሼ ነው የቀባሁት!»

እናቴ እንዝርቷን አነሳች። አሾረችውና በጣቷ ያዘችው፤ ቆመ። ጣቷን ቅቤ አስነክታ እንደገና አሾረችው፤ ያዘችው። እንዝርቱ ከጣቷ ሥር እየሾለከ ዞረ፣ ዞረ። እትዬ ጌጤ እንዝርቱን አፍጥጠው ሲያዩ ቆዩና ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ገደልኩን በይኛ» አሉ።

«አልገደሉንም። ገና ቀን ነው።»

«ሰንበት እኮ ነው ፋናዬ።»

«በሬ ገደል ከገባ በሰንበትም ይወጣል። እንዶዱን ያምጡልኝ።»

እንዶድ ተወቀጠ፤ ውኃ ተጣደ። እናቴ ያን ሸራ የወታደር ልብስ እንደምታጥበው አጠበችው። በአመድ አሸችው። ከፍም በላይ አንጠልጥላ አጋለችው። ሸራው ሲሞቅ ቅቤውን ያልበዋል፤ እሷ በጨርቅ ትጠርገዋለች፤ ደግሞ ታጥበዋለች፤ ደግሞ ታግለዋለች። እትዬ ጌጤ እንባቸውን እየጠረጉ ያራግባሉ። ቤቱ ሙሉ የምግብ ሽታ ሸተተ። እኔ ራበኝ። ምን እየተሠራ እንደሆነ ስላልገባኝ፣ ሁለቱ ሴቶች ላሞራው ጠብሰው ለእኛ የማይሰጡት ነገር እያዘጋጁ መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት ጂኖ መጣ። እግሩን አንስቶ ወደ ውስጥ ሲያይ አፍንጫው ተንቀሳቀሰ። ጣቱን ሸራው ላይ አሸት አደረገና አሸተተው። እናቴን አየ። ከኋላዋ የተደበቁትን እትዬ ጌጤንም አየ። ካፒታኖ ከጎኑ ቆሟል። ጂኖ ምንም ሳይናገር ከኪሱ ሻካራ ድንጋይ አወጣና ሸራውን ይሞርድ ጀመር። ዝም ያለው እናቴን ስለወደዳት ነው ብዬ ጠመድኩት። ዛሬ ሳስበው ግን እግሩ በማን ቤት እንደዋለ ቢጠየቅ ቀድሞ የሚቀጣው እሱ ነበር። ወይም ደግሞ የሴቶቹን ዓይን አይቶ ይሆናል። አላውቅም።

አሮጌው እግር ወለቀ፤ አዲሱ ገባ። አሞራው ጫማ እንዳደረገ ሰው ከፍ ብሎ ቆመ። እናቴ ታከለን ጠራች።

«ይይዛል ወይ በልልኝ።»

«ይይዝ ይሆናል ይላል። ግን አብራሪው ማቆሚያ ያለው አሞራ ነድቶ አያውቅም። የለመደው ማንሸራተት ነው። አሁን በእግሩ አጥብቆ መርገጥ አለበት።»

«ምን ሲያይ ነው አጥብቆ የሚረግጠው?»

ጂኖ ጥያቄው ሲተረጎምለት ሳቀ። «ግድግዳ ሲያይ!» አለ።

እናቴ አልሳቀችም።

አሞራው ተነሳ። ወደ ካራቆሬ በኩል ዞሮ ራቀ። የሰፈሩ ሰው ማጭዱን ይዞ በሜዳው ዳር ተሰልፏል። ማጭድ ይዞ የመጣ ሕዝብ እንዲያ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። እናቴ እጄን እትዬ ጌጤ እጅ ውስጥ ከተተችው።

«ልጄን ይያዙልኝ። አጥብቀው ይያዙልኝ።»

ከዚያ ማንንም ሳታይ ተራመደች። ቀዩ ጨርቅ ወደታሰረበት እንጨት ሄደችና ከፊቱ ቆመች፤ ጀርባዋን ለማሽላው፣ ፊቷን ለሜዳው ሰጥታ። አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ጥቁር ወታደር፣ ጮኸባት። እሷ ነጠላዋን አውልቃ በሁለት እጇ ዘረጋችው። ነጭ ሆኖ ተንሰራፋ።

ልትቀበለው የወጣች መሰለኝ። የሙሽራ እናት ደጅ ወጥታ እንደምትቀበል፣ እጇን ዘርግታ አሞራውን የምትቀበል መሰለኝ። ከእትዬ ጌጤ እጅ ለመውጣት ታገልኩ። እኔ ለማዳን ሳይሆን ለመሳደብ ነበር መሮጥ የፈለግኩት። ፊቴን ቀና አድርጌ ሳይ ግን እትዬ ጌጤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «እመቤቴ፣ ቅቤዬን አውጪልኝ፣ ቅቤዬን አውጪልኝ» ይላሉ። ያኔ የማላውቀው ነገር እንዳለ ገባኝና ፈራሁ።

አሞራው ወረደ። ወፍራሙ እግር መሬቱን ነካ፤ ነጠረ፤ ደግሞ ነካ። እንደ ወትሮው መንሸራተት ጀመረ። ዘወትር ከሚቆምበት ቦታ አለፈ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም። አቧራው እየመጣ፣ ጩኸቱ እየመጣ፣ ነጠላዋ ብቻ ይርገበገባል። በድንገት እንደሚታረድ ከብት ያለ ሲቃ ከአሞራው እግር ወጣ። ጭራው ከመሬት ተነሳ፣ አፍንጫው ወደታች ደፋ፣ የሚገለበጥ መሰለ። ከዚያ ጭራው ተመልሶ ዱብ አለ።

አቧራው ሲገለጥ እናቴ ቆማለች። በአሞራው አፍንጫና በእሷ መካከል አንድ በሬ እንኳ አያልፍም ነበር። የአሞራው ንፋስ ነጠላዋን ከእጇ ነጥቆ ማሽላው ላይ ጥሎታል። ከእግሮቹ ሥር ጭስ ይወጣ ነበር፤ በጠቅላላው ሜዳ ላይም የተቃጠለ ቅቤ ሸተተ።

አብራሪው ወረደና ጮኸባት። ካፒታኖ ደርሶ በአለንጋ ትከሻዋን መታት። እናቴ ተንገዳግዳ ቆመች። ዓይኗ ታከለን ፈለገ።

«ማሽላው?» አለች።

ታከለ አልተረጎመም፤ ቀዩን እንጨት በጣቱ ብቻ አሳየ። እንጨቱ እንደ ቆመ ነበር። ካፒታኖ እንጨቱን አየ፤ አሞራውን አየ፤ ማጭድ የያዘውን ሕዝብ አየ። አንድ ቃል ተፍቶ ሄደ።

«ይቆይ ብለዋል» አለ ታከለ። «እስኪደርስ ይቆይ ብለዋል።»

እትዬ ጌጤ ለቀቁኝ። እናቴ ዘንድ ደርሼ ቀሚሷን ስይዝ እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን ስንት ዘመን አልፎ፣ ብዙ ልጅ ወልጄ፣ ያ እግር ከዚያ በፊት እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ አልገባኝም።

ማሽላው ደረሰ። ታጨደ፣ ተወቃ። የእኛም የእትዬ ጌጤም ጎተራ ሞላ። የሰፈሩ ሰው እናቴን ማማቱን አልተወም፤ ጠግቦ ግን ነበር። ጋሼ ሷሊሕ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ማሽላ ጭነው «ደብረ ሲና ገበያ» እያሉ ይወጣሉ። ገበያ በማይውልበት ቀን ሁሉ ሳይቀር ይወጡ ነበር። እኔ ጎበዝ ነጋዴ ናቸው እል ነበር።

ጣልያን ሲወጣ አባቴ መጣ። ጺሙ ረዝሞ ደረቱ ላይ ደርሷል። ልክ እንዳሰብኩት ነው፤ የድንጋይ ዱቄት ግን አልነበረበትም። ጠመንጃ ነበረው። ዋሻ ከቆፈረ ሰው እጅ ጠመንጃ እንዴት እንደተገኘ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ነበር። ዋሻውን አንድ ቀን እንኳ እንዳልቆፈረ፣ ከእኛ ማሽላ በላይ ባለው ሸንተረር ላይ ከአርበኞቹ ጋር እንደኖረ ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው። ማማዬ ላይ ሆኜ ወደ ተራራው ሳይ በእውነት ወደ እሱ አይ ነበር። እናቴ ያልዋሸችኝ «ደህና ነው» ያለችውን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤት ተሰብስቦ አባቴ ስለ ጫካው ያወራ ነበር። እናቴ ጥግ ተቀምጣ ትፈትላለች።

«ከደብረ ሲና ቁልቁል ጭነት የያዘች በቅሎ ስትወርድ አየን» አለ አባቴ። «የጣልያን ብርድ ልብስ ነው የለበሰችው። በላይ የሚባል ጓደኛዬ ጠመንጃውን ደገነ። ከኋላ የምታነክስ ሴት ነበረች። አረማመዷን አወቅኩትና አፈሙዙን በእጄ ገፋሁት። ‹ሚስቴ ናት› አልኩት። ‹ምን ተሸክማ ነው?› አለኝ። ‹እንጃ፤ እሷ ከያዘችው ግን ጉዳይ አለው› አልኩት።» ሰዉ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። «በላይን ያ አሞራ ምንጭ ሥር አገኘው። በዚያው ዓመት፣ በኅዳር። ቦምቡ እኛን ሳተን፤ እሱን አልሳተውም።»

የእናቴ ጣት እንዝርቱ ላይ አረፈ። እንዝርቱ ቆመ።

«ለአሞራው እግር ያመጣሁለት እኔ ነኝ» አለች። «ያን ዕለት በበቅሎዋ ላይ የነበረው እሱ ነው።»

እትዬ ጌጤ አንገታቸውን ደፉ። እኔ አባቴን አየሁት፤ እንዳይጮህባት ፈርቼ። አባቴ መሬቱን አየ።

«በላይ የሞተ ዕለት ጠዋት ቆሎ ተካፍለን ነበር» አለ። «የማሽላ ቆሎ። ‹ይቺ ሚስትህ ባትኖር ይህን ጊዜ በረሃብ አልቀን ነበር› አለኝ። ማሽላውንም የላክሽው አንቺ ነሽ ፋናዬ። ሁለቱንም አንቺ ነሽ።»

እናቴ ጥጡን አስተካክላ ያዘችና ጣቷን አነሳች። ከዚያ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሽታ አሾረችው።